በስማችን የወጣ ቆሻሻ

የስፌት ቤቱ ሴቶች ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዘወር ስትል ደግሞ «በረኪና»። አታውቅም ብለው ነው። ታውቃለች። ሰው ንጹሕ ነሽ ተብሎ ከተሰደበ ይሰደብ ብላ ነው ዝም ያለችው። የበር እጀታ የምትከፍተው በክርኗ ነው። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ ሳታለቀልቅ አፏ ላይ አታደርሰውም። አዲስ ጣቃ ሲመጣ አራግፋ፣ አሽትታ፣ ፀሐይ ላይ አውላው ካልሆነ መቀስ አታስነካውም።

ታዲያ ይህችው ሴት ማክሰኞ ጠዋት የድሮው ሽንት ቤት ውስጥ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ቆማለች።

ሽንት ቤቱ ሽንት ቤትነቱ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው። መቀመጫው ተነቅሎ፣ ቧንቧው በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ በቦታው ጠረጴዛ ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ሰርቨሩ አለ፤ የስፌት ቤቱን ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ ጥቁር ሳጥን፣ ቀን ከሌት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሲያፏጭ የሚውል የሚያድር። ሲሚንቶው ግን ሽታውን አልደፈነውም። ሙቀት በሆነ ቁጥር ከወለሉ ስንጥቅ የሆነ ነገር ይነሣና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

እዚያ ያስቀመጠው የታናሽ እህቷ ባል ነው። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ጠፍቶ ስለማያውቅ ቤቱ በሙሉ «ገመዱ» ነው የሚለው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ቁልፍ አለው፣ ሌላ ባዶ ክፍልም የለንም ብሎ አሳመናት። ሰርቨሩ በራሳችን ቤት ይኑር ያለውም እሱ ነው። ግን ካወራን አይቀር እውነቱን እናውራ፤ ዓይኗን ሳታሽ የተቀበለችው እሷ ናት። ሌሎች ስፌት ቤቶች ደብዳቤያቸውን ለትልልቅ ድርጅቶች አደራ እንደሚሰጡ ሲነግራት፣ ታዲያ ከማናውቀው ሰው ደብዳቤ ጋር አብሮ ሊቀመጥ ነው? ብላ ጠየቀች። እንደዚያ በይው አላት። በቃ፣ አለቀ። በሰው ሳፋ ልብስ ዘፍዝፋ የማታውቅ ሴት ደብዳቤዋን በሰው ሳፋ ልትዘፈዝፍ ነው?

ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ያስገባት ጉዳይ ይሄ ነው። ስፌት ቤቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሆስፒታል አንሶላና የቀዶ ጥገና ጋዋን ሲሰፋ ኖሯል። አሥራ ስምንት ሴቶች የሚያድሩት በዚያ ሥራ ነው። አሁን ውሉ ሊታደስ ሆስፒታሉ ቅጽ ልኳል። ሞልታችሁ፣ የሥራ ቦታችሁን ፎቶ አያይዛችሁ፣ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ በኢሜይል መልሱ፤ በሰዓቱ የደረሰ ይቀጥላል፣ ያልደረሰ ይቀራል፤ በእጅ የሚመጣ ወረቀት አንቀበልም ይላል። ሰኞ ላከች። ማክሰኞ ጠዋት የላከችው ተመልሶ መጣ። ከእናንተ አድራሻ የሚመጣ ደብዳቤ አንቀበልም የሚል ተለጥፎበታል።

«ምን አድርገናቸው ነው?» አለች።

ገመዱ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። ያንን ኪቦርድ ማየት አትወድም። ሲገዛ ነጭ ነበር፤ አሁን ጣት የሚያርፍበት ሁሉ እንደ አሮጌ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰውየው ሲያስብ የእስክሪብቶ ክዳን ጆሮው ውስጥ ያሽከረክራል፤ አውጥቶ ያየዋል፤ ሱሪው ላይ ይጠርገውና በዚያው እጁ ይጽፋል። ምሳውንም እዚያው ነው የሚበላው፤ ዳቦ በሰርዲን፣ ዘይቱ በጣቶቹ መሀል እየወረደ። እህቴ ምን ታይቷት ይሆን ይሄን ሰው ያገባችው እያለች ይኸው ሃያ ዓመቷ።

የደብዳቤ ሳጥኑን ከፈተው። አርባ አንድ ሺህ ደብዳቤ ገብቷል። ሁሉም ተመላሽ ነው፤ ከዚህ ቤት ወጥቶ፣ የሄደበት ቦታ በሩን ዘግቶበት የመጣ። ስንትና ስንት ሺህ ሌላ ደግሞ ገና ሊወጣ ሰርቨሩ ውስጥ ተሰልፏል።

«እኛ እኮ በወር ሃያ ብንልክ ነው» አለች።

አንዱን ክፈተው አለችው። ባታዪው ይሻላል አላት። ክፈት አለች። ከፈተው።

ያነበበችውን እዚህ መጻፍ አይገባም፤ እሷም ለማንም አልደገመችውም። ሥዕል ነበረበት። ከሥዕሉ ሥር ሰካራም እንኳን ለእንስሳ የማይናገረው ቃል አለ። ከቃሉ ሥር ደግሞ፣ እንደ ሁልጊዜው በሰማያዊ፣ የስፌት ቤቱ ስምና «በንጽሕና እንሰፋለን» የሚለው መፈክራቸው። አፏ በምራቅ ሞላ፤ የምትተፋበት ቦታ አጣች።

ወጣት ሳለች ዘጠኝ ዓመት የዚያው ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ደም አጥባለች፣ መግል አጥባለች፣ ሰው ነፍሱ ስትወጣ የሚለቀውን አጥባለች። አንድም ቀን አላቅለሸለሻትም። ያ የሰው ሕመም ነው። ይፈላል፣ ይታሻል፣ ይሰጣል፣ ነጭ ይሆናል። ይሄኛው በምን ይፈላል?

ገመዱ መጀመሪያ የሚወጣውን ሁሉ አቆመው። የተሰለፈውን ቆሻሻ ደብዳቤ ጠራርጎ ደፋው። ከዚያ ጥፋቱን ፍለጋ ገባ። ሰርቨሩ ከመጣ ሰው ሁሉ ደብዳቤ እየተቀበለ የሚያስተላልፍ ሆኖ ተከፍቶ ይሆናል ብሎ ከውጭ ሞከረው፤ ዝግ ነው። ፕሮግራሙ አርጅቶ ይሆናል ብሎ አደሰው፤ ያው ነው። እሷ በበኩሏ ሳጥኑ ይከፈት አለች። እትዬ፣ የደብዳቤው ቆሻሻና የሳጥኑ ቆሻሻ አይገናኙም ቢላት ጆሮ አልሰጠችውም። ተከፈተ። ከማራገቢያው ሥር የአይጥ ጎጆ ተገኘ፤ ከነሱው የአንሶላ ቁራጭ ተበጣጥሶ የተሠራ፣ መሀሉ ላይ ባለቤቲቱ ደርቃ ጅራቷን ጥቅልል አድርጋ የተኛችበት። ሁለት ጓንት ደርባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በጣቶቿ ጫፍ አወጣችው።

«ይኸው» አለችው። «በዓይንህ አየህ?»

«ይሄ አይደለም፣ እትዬ።»

እውነትም አልነበረም። ሳጥኑ ማፏጨቱን ተወ፤ ደብዳቤው ግን አሁንም እየተመለሰ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ገመዱ ማን መቼ እንደገባ ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ሲያነብ ውሎ ነገሩን አገኘው። ሌባው በር አልሰበረም። ከማይታወቅ ሩቅ ቦታ ሆኖ የስፌት ቤቱን የይለፍ ቃል ፊደል ሳይስት ጽፎ፣ እንደ ቤተኛ ሰተት ብሎ ነው የገባው። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲመላለስ ነበር። ገመዱ ሌባው የሚመጣበትን አድራሻ ለጊዜው ዘግቶ፣ የቤቱን መላኪያ መልሶ ከፈተው።

የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ዘወር ብላ አየችው። ይሄ ሰው የመንደሩን ኮምፒውተር ሁሉ ይጠግናል፤ ያገኘው ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ ኪሱ በብጣሽ ወረቀት የተሞላ ነው። የሽንት ቤቱን በር በክርኗ ከፈተች። የስፌት መኪናዎቹን ድምፅ በሚያሸንፍ ድምፅ ተናገረች።

«ቆሻሻው የወጣው ከአንተ ነው። አፉን ሳያብስ ኪቦርድ የሚነካ ሰው የቤት ምስጢር በምኑ ይጠብቃል?»

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። አሥራ ስምንት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ዋና ቆራጯ እህቷ መቀሱን አፉን እንደከፈተ ጨርቁ ላይ ያዘችው። ገመዱ ተነሣ። ገመዱን ትከሻው ላይ አደረገ፤ የሰርዲኑን ጣሳ በላስቲክ ቋጥሮ ያዘ፤ ሚስቱን አየት አድርጎ ወጣ።

እህቷ ወደ ቤት ሲሄዱ ነው የተናገረችው። አልጮኸችም፤ ያቺ ልጅ ጮኻ አታውቅም።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰጥቶን ነበር።»

ሰጥቷቸው ነበር፤ ውሸት የለውም። ሰርቨሩ የተተከለ ሰሞን ገመዱ ለእያንዳንዷ ሴት የየራሷን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ አደለ። በረኪና ወረቀቱን ሰብስባ ቀደደችው። የዚያ ቤት ልማድ ሌላ ነዋ። ምንም ነገር መሳቢያ አይገባም። ግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰሌዳ አለ፤ የአንሶላው ልክ፣ የጋዋኑ ልክ፣ ወለል የማጠቢያው ተራ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። የመጋዘኑ ቁልፍ ሳይቀር ከጎኑ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ከሆስፒታሉ ትእዛዝ ሲመጣ እጇ ሥራ ያልያዘ ሴት ናት ከፍታ የምታነበው። አንድ ቤት አይደለን፣ አንድ ቁልፍ ይበቃናል አለችና የይለፍ ቃሉን ሰሌዳው አናት ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ራሷ ጻፈችው። ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ፊደሏ ትልልቅ ነው። ዓይን እንዳይስተውም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ገመዱ ሽንጡን ገትሮ ተከራክሮ፣ ሲደክመው ትቶታል።

ይህን ሁሉ እያስታወሰችም ግን የማክሰኞ ልቧ አልተመለሰም። ሰሌዳው ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌባ የለም። ሌባው ከገመዱ ኪስ ነው ያገኘው አለች፣ ተኛች።

ረቡዕ ዕለት ሽንት ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ገባች። ኪቦርዱን በአልኮል ወልውላ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ቅጹን እንደገና ላከችው። ተመለሰ። ደግማ ላከች። ተመለሰ። ምናልባት ፎቶው ይሆን እንቅፋቱ ብላ ፎቶውን ከፈተችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ገመዱ ያነሣው ነው። ሴቶቹ በሙሉ ነጭ ሽርጥ አድርገው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ተደርድረዋል።

እሷ ፎቶ ስታይ ሰው አታይም፤ ወለል ነው የምታየው። አጠገብ ለአጠገብ ከቆሙት ጫማዎች መሀል አንድ ነገር ነጣ ብሎ ታያት። ክር ነው? ሳይጠረግ ነው ፎቶ የተነሣነው? ደሟ ፈላ። ገመዱ እንዳሳያት አድርጋ ፎቶውን አጎላችው። ክር ነበር። የማን እግር ሥር እንደሆነ ለማወቅ ፎቶውን ወደ ላይ ገፋችው፤ ሽርጥ አለፈ፣ የጋዋን ቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋዋ ሴት አገጭ አለፈ፣ ሻሿ አለፈ፤ ከሻሿ በላይ የራሷ የእጅ ጽሑፍ መጣ። ትልልቅ። ቁልጭ ያለ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።

አመዷ ቡን አለ። ዐሥራ አንድ ቀን ያ ሁሉ አስጸያፊ ነገር የወጣው በዚህች በር ነው። ሌላውን ስታሳጥብ፣ ስታስጠርግ፣ ስታሳፍር የኖረችው ሴት እጇን ገልብጣ አየችው፤ ጠመኔ የያዘችበትን ቀኝ እጇን። ታጥባው ነበር የመጣችው። ቢሆንም ከሰውነቷ አርቃ ያዘችው።

ለገመዱ ስልክ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ያንን ፎቶ ለሆስፒታሉ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ ለጥፈኸዋል?»

«ኢንተርኔት ላይ ያለው ገጻችን ላይ ነዋ። አንቺው አይደለሽ ትልቅ ይሁን፣ ንጽሕናችን ይታይ ያልሽው?»

«ሰሌዳውን እየው።»

ወንበር ሲጎተት ሰማች። ሊስቅ ነው ብላ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ አልሳቀም።

«ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል» አለ ብቻ።

«መስመሩንማ አየሁት። ና።»

መጣ። ስለማክሰኞው ምንም አላነሣም፣ እሷም አላነሣችም። ፎቶውን ከገጹ አወረደው። እሷ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በበረኪና አጠበችው፤ የአንሶላው ልክ ሳይቀር አብሮ ሄደ፣ ለቆራጮቹ በኋላ እንደ አዲስ ተለካላቸው። ገመዱ ለእያንዳንዷ የየራሷን የይለፍ ቃል በጆሮዋ ነገራት። ከዚያም ደብዳቤያቸው ከነሱ መውጣቱን ለተቀባይ የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም የሚመስል ነገር ሰርቨሩ ላይ አበጀ፤ ድሮ ልሥራው ሲል ሥራ አታስፈታን ያለችው እሷ ነበረች።

የቀረው ጥቁር መዝገቡ ነው። ቆሻሻ የሚልኩ ሰርቨሮች ስም የሚሰፍርበት መዝገብ አለ፤ ደብዳቤ ተቀባይ ሁሉ በሩን ከመክፈቱ በፊት እሱን ያያል። የስፌት ቤቱ ስም እዚያ ነበር፤ ከላዩም ከታቹም ለአፍ የሚከብድ ነገር የሚሸጡ ሰዎች ስም ተደርድሯል። በላብ ከራሰ ሰው ጋር ተጣብቃ የቆመች ያህል ገላዋን ሸከካት። ስም ለማስፋቅ ደግሞ ምክንያቱን ጻፉ ይላል። ገመዱ ባልታወቁ ሰዎች ጥቃት ደርሶብን ብሎ ጀመረ።

«አጥፋው» አለችው። «የይለፍ ቃላችንን ግድግዳ ላይ ጽፈን፣ ከፊቱ ቆመን፣ ፎቶ ተነሥተን ለዓለም አሳየነው በል።»

«ይስቁብናል፣ እትዬ።»

«ይሳቁ። ይሄንንም ጉድጓድ በሲሚንቶ ደፍነኸው ነበር፤ ይኸው ይሸታል።»

ጻፈው፤ ሐሙስ ጠዋት ስማቸው ተፋቀ። ሦስት ሰዓት ላይ ላኩ። ከሆስፒታሉ ተመለሰ። ሆስፒታሉ ለራሱ ደግሞ የሚጸየፋቸውን የሚጽፍበት የግሉ መዝገብ አለው፤ ያንን የሚፍቀው ሰው ብቻ ነው አላት ገመዱ። ከመዝገብ ጋር መከራከሩን ትታ ወደ ሆስፒታሉ በእግሯ ሄደች።

የግዢ ክፍሉ ኃላፊ ጫማዋ የሚያበራ ወጣት ሴት ናት። የስፌት ቤቱን ስም ስትሰማ ወንበሯን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ገፋችው። በረኪና ያንን ስንዝር ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ላይ ስታደርገው ኖራለች። አሁን የተደረገባት እሷ ናት።

«የእርስዎ ቤት ነው ይሄ?» አለች ኃላፊዋ። ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ አወጣች፤ አላሳየቻትም፣ ገልብጣ አስቀመጠችው። «ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። አንዱን የከፈትኩት ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነው።»

ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ስድስት ዓመቱ፣ አንድም አንሶላ ስላለመመለሱ። ጠፋባት።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሌባው ጻፈው፣ በሩን ያሳየሁት ግን እኔ። የይለፍ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ፎቶው ላይ ወጣ። የሚያውቅ ሰው አትጻፊ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ጭራሽ ጥፋቱን እሱ ላይ ደፍድፌ አሥራ ስምንት ሰው ፊት አዋረድኩት። አሁን ሰሌዳው ታጥቧል።»

«በምን?»

«በበረኪና።»

የኃላፊዋ ከንፈር ጫፉ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ መልሳ ያዘችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ተኩል አልፏል። እሺ፣ መዝገቡን ልክፈተው ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ጻፈች፤ አልከፈተላትም። ደግማ ጻፈች። ጥፍሯን ነከሰች። ወደ በሩ አየት አደረገችና ኪቦርዷን ከፍ አደረገችው። ከሥሩ የብስኩት ፍርፋሪ ነበር፣ ረጅም ፀጉር ነበር፣ የደረቀ የሻይ ክብ ነበር፤ መሀሉ ላይ ቢጫ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቃል።

ሁለቱም ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ሁለቱም ሰዓቱን አዩት።

«አዩት?» አለች ኃላፊዋ።

«ፍርፋሪውን ነው ያየሁት፣ ልጄ።»

ኃላፊዋ ፊቷ ቀላ። ወረቀቱን እያየች ጻፈች፤ መዝገቡ ተከፈተ፤ አንድ መስመር ተፋቀ። በረኪና ወደ ስፌት ቤቱ ደወለችና ለገመዱ ላክ አለችው። ሁለቱ ሴቶች ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ ከነመፈክሩ ብቅ አለ፤ ፎቶው አዲስ ነው፣ ከሴቶቹ ኋላ ባዶ፣ የታጠበ ጥቁር ሰሌዳ። ኃላፊዋ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ላከች። ወዲያውም ቢጫውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደችው። ፍርፋሪውን ግን አልጠረገችም። በረኪና እጇን እያሳከካት ተሰናብታ ወጣች።

መንገድ ላይ ከሱቅ ዳቦ ገዛች፣ አንድ ጣሳ ሰርዲንም ገዛች።

ስፌት ቤቱ ስትደርስ ደርሷል የሚለው ወሬ ቀድሟት ነበር፤ ሴቶቹ እየሳቁ ይሰፋሉ። በመሀላቸው አልፋ ሽንት ቤቱ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ወለል አድርጋ ከፍታ ባልዲ አስደገፈችበት። ማክሰኞ የሰሙት አሥራ ስምንቱም ይዩት። ሌላ ባልዲ ደፍታ ከገመዱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዳቦውንና ጣሳውን ኪቦርዱ አጠገብ አኖረችለት።

ገመዱ አያት። ወደ በሩ አየ። እህቷ መቀሱን አቁማለች። ጣሳውን ከፈተ፤ የእስክሪብቶ ክዳኑን ከጆሮው አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገ፤ በዚያው እጁ ዳቦውን ቆርሶ፣ ሰርዲኑን ጭኖ፣ ዘይቱ በአውራ ጣቱ እየወረደ ዘረጋላት። ጣቱን አየች፤ ጥፍሩን አየች። ከወለሉ ስንጥቅ ያ ሽታ መጣ። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተቀበለችውና አፏ ከተተችው። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አኘከች። ዋጠችው።

«ጣፈጠሽ፣ እትዬ?» አላት።

«ያስጠላል» አለችው። «ጨምርልኝ።»